ሟሚነት ምንድን ነው? ውሃ ሲሞቅ ስኳሩ ይገባል፣ ጋዙ ይወጣል

ቱሉ ዲምቱ፣ ሰፈራችን ያለች አንዲት ሱቅ የለስላሳ ሳጥኗን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ታስመታለች። ከዚያ አንዱን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ቆርኪው ገና ላላ ሲል ቱፍ ብሎ ግማሹ ሱሪ ላይ ያልቃል። ከፍሪጅ የወጣው ግን ጨዋ ነው። መጠጡ ያው አንድ ነው፣ የተለየው ሙቀቱ ብቻ።

ሟሚነት ማለት ይሄ ነው፦ የተወሰነ ውሃ፣ በተወሰነ ሙቀት፣ ቢበዛ ምን ያህል ነገር አሟሙቶ መያዝ ይችላል? ከዚያ ያለፈው ጠጣር ከሆነ ይዘቅጣል፣ ጋዝ ከሆነ ይወጣል።

ጋዝ ሙቀት አይወድም። ሞለኪውሎቹ ጉልበት ባገኙ ቁጥር ከውሃው አምልጠው ወደ አየር ይሄዳሉ። በእኩል ግፊት 1 ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ለስላሳው ውስጥ ያለው ጋዝ) ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን ግማሹን ያህል ብቻ። ድስት ስትጥዱ ገና ሳይፈላ ጎኑ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎችም ከውሃው የሚወጣ አየር ናቸው። (መፍላቱማ እኛ ጋ ከፍታው ስላለ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።)

ጠጣር በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ቅንጣቶቹን ከተያያዙበት ለማላቀቅ ይረዳል። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 200 ግራም ገደማ ስኳር ያሟሟል፣ በ90 ዲግሪ ከ400 በላይ። ሻይ ሲቀዘቅዝ ስኳር ጨምሮ ማማሰል ለምን እንደሚያደክም አሁን ገባችሁ፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ይቀንሳል። ጨው ግን ግድ የለውም፤ በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ ቢፈላ እንኳ 39 አካባቢ ነው።

ደስ የሚለኝ ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ሙቀት ጠጣርን ያሟሟል ካልን ይሄ ከየት መጣ? የጉድጓድ ውሃ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል፤ ካልሲየሙ ሟሙቶ የሚቆየው ውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስካለ ድረስ ነው። ስናፈላው ጋዙ ይወጣል፣ ካልሲየሙም ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል፤ ይሄ ደግሞ ከስኳር በተቃራኒ ሙቀት ሲጨምር ሟሚነቱ የሚቀንስ ጠጣር ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምቁበትና ጠብቁ። ትስስ እያለ አረፋ ሲያወጣ ታዩታላችሁ፤ ያም ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።