ሶሪያሲስ በቀዶ ጥገና ይነሳል?

ፒያሳ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ይሄን ሶሪያሲስ በቀዶ ጥገና ቢያነሱልኝስ?» መልሱ አጭር ነው። አይሆንም።

ሶሪያሲስ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚቀረፍ ሻካራ ልጣጭ የሚያወጣው ሕመም፣ እንደ ኪንታሮት ቆዳ ላይ የበቀለ ነገር አይደለም። የሰውነት መከላከያ ያለ ቅጥ ሲቆጣ፣ በወር ገደማ መታደስ የነበረበት ቆዳ በጥቂት ቀናት እየተመረተ ይደራረባል። የላዩን ብትቆርጡት መነሻው ውስጥ አለ።

ይባስ ብሎ የቀዶ ጥገናው ቁስል ራሱ ጠንቅ ነው። ክርናችሁ ላይ ያለውን አስቆረጣችሁ እንበል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ፣ በስፌቱ መስመር ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል። ንቅሳትም፣ ጭረትም፣ በፀሐይ መቃጠልም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁሉም ሰው ላይ ግን አይከሰትም። ስለዚህ ለሌላ ሕመም ቀዶ ጥገና ከታዘዘላችሁ አትሽሹ፤ ሶሪያሲስ እንዳለባችሁ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ሶሪያሲሱ የሚያገረሽበት ሰው፣ ቶንሲሉ ሲወጣ አንዳንዴ ይሻለዋል። እሱም ለጥቂቶች ነው፣ ዋስትና የለውም።

የሚያስታግሱት የሐኪም ቅባት፣ የብርሃን ሕክምና፣ ሲከፋም እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። «ቆዳ ይልጣል» ተብሎ የሚሸጠውን ነገርማ ባትነኩት ይሻላል።