ለአገልግሎት እቅድ "ጥሩ ጥያቄ" ምንድን ነው?

ነሐሴ ላይ የአጥቢያ ቤተክርስቲያን የአገልግሎት እቅድ ስብሰባ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያምናው እቅድ ይወጣል፣ ዓመተ ምህረቱ ይቀየራል፣ ከዛ ሰብሳቢው "እሺ ወገኖች፣ ኮንፈረንሱን መቼ እናድርገው?" ይላል። ኮንፈረንሱ ዘንድሮ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፣ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው።

ጥሩ ጥያቄ ማለት መልሱ እቅዱን ሊቀይረው የሚችል ጥያቄ ነው። መልሱ ምንም ሆነ ምን እቅዱ እንዳለ የሚቀጥል ከሆነ ጠያቂው የፈለገው "አሜን" እንዲባልለት ነው።

ዘፀአት 18 ላይ የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየዋል፣ ግን ዘሎ ምክር ውስጥ አልገባም፣ መጀመሪያ ለምን ብቻህን ትቀመጣለህ ብሎ ጠየቀው፣ የሺ የመቶ የሃምሳ የአስር አለቃ የሚለው አደረጃጀት የመጣው ሙሴ ከመለሰ በኋላ ነው። ነህምያም እንደዛው፣ በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ሳያይ ለማንም ምንም አልተናገረም።

ወደኛ እንምጣ። "ወጣቶች ለምን አይመጡም?" የሚለውን አንድም ወጣት የሌለበት ኮሚቴ ሲወያይበት መልሱ ያው የታወቀ ነው፣ ዘመኑ ከፍቷል፣ ስልኩ ነው፣ ዓለም ወስዷቸዋል፣ ስለዚህ የጾም ጸሎት ይታወጅ። በዛ ፈንታ "ባለፉት ሦስት ወራት መጥተው የቀሩት እነማን ናቸው፣ ማንስ ደወለላቸው?" ቢባል ግን መዝገብ መግለጥ ግድ ይሆናል፣ ሲደወልም ግማሾቹ ቅዳሜ ከሰዓት ኤክስቴንሽን ክላስ ያላቸው ሆነው ሊገኙ ይችላሉ እኮ! (ጾሙ አይጎዳም፣ ግን ፕሮግራሙን ወደ እሁድ ማዞርም ይቻል ነበር።) ስትደውሉ ደግሞ "ለምን ቀረህ?" አትበሉ፣ ክስ ይመስላል፣ ሰው ሰበብ ፍለጋ ይገባል። "ምን ቢስተካከል ይመችሃል?" ሲባል ነው የሚያወራው።

ውጭ ሀገር ያሉ የኛ ቤተክርስቲያኖችም "ልጆቹን ማን ያስተምር?" ከማለታቸው በፊት ልጆቹ ብቻቸውን ሲሆኑ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጸልዩት ብለው ቢጠይቁ የአስተማሪው ምርጫ ራሱ ይቀየራል።

ሌላው ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነው። ፓስተሩ ወይ ሽማግሌው ሀሳቡን ቀድሞ ካስቀመጠ አለቀ፣ ይሉኝታ አለ፣ "እንደተባለው ነው" እየተባለ ይዞራል። ስለዚህ መሪው ይጠይቅና ዝም ይበል፣ ዝምታው ቢከብድም ይታገስ፣ በዕድሜ ትንሹ ይጀምር፣ አፍ ካልተፈታ ወረቀት ይታደልና ስም ሳይጻፍ ይሰብሰብ።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ "ይሄን አገልግሎት ዘንድሮ ብናቆመው ማን ይጎዳል?" የሚለው ነው። በስም የሚጠሩ ሰዎች ካሉ በጀቱ ይጨመርለት። መልሱ "አስተባባሪው ቅር ይለዋል" ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከአስተባባሪው ጋር ቡና ጠጡ፣ ከዛ ከእቅዱ አውጡት።