የልጄ ጀርባና የሰፈሩ ወሬ፦ ስለ አከርካሪ መጣመም ቀዶ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የልጄ ጀርባ መጣመሙን ያወቅሁት በ13 ዓመቷ፣ ለጥምቀት ባሰፋሁላት ቀሚስ ምክንያት ነው። ስትለብሰው ጥለቱ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ አለ። ልብስ ሰፊው የተሳሳተ መስሎኝ መልሼ ወሰድኩለት። ሜትሩን በሁለቱ ትከሻዎቿ ላይ ዘርግቶ ጥቂት ዝም አለና፣ «እናት፣ ቀሚሱ ልክ ነው፤ ልጅቷን ሐኪም ያያት» አለኝ። ይህን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ቀን አንሥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ቀዶ ሕክምና እስከተደረገላት ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለፈ። ከዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙው የባከነው በወሬ ነው። አሁን ከድሬዳዋም ከሐረርም እናቶች ስልኬን እያፈላለጉ ይደውሉልኛል፤ የሚጠይቁኝም እኔን ያን ጊዜ ያስፈራኝን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞቹ ጠይቄ የተረዳሁትንና በቤቴ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ውሳኔ ግን የሚከታተለው ሐኪም ነው።

«ቦርሳውና የውኃ ጄሪካኑ ነው ያጣመማት»

ይህን የሰማሁት ከገዛ እናቴ ነው፤ ለወራትም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስኮሊዮሲስ የሚባለው ይህ መጣመም፣ በአፍላ ዕድሜ በሚታየው ዓይነቱ፣ በአብዛኛው መንሥኤው አይታወቅም። በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው። ከባድ ቦርሳ ጀርባን ያሳምማል እንጂ አከርካሪን አያጣምምም፤ ተጣሞ መቀመጥም፣ በአንድ ጎን መተኛትም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ ካሉ 100 ልጆች መካከል በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ በራጅ ሲለካ ከ10 ዲግሪ ያለፈ መጣመም ይገኛል። የሚብስባቸው በብዛት ሴቶቹ ናቸው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሴት ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሆናት በሯን ዘግታ መታጠብ ትጀምራለች፤ ከዚያ በኋላ እናት የልጇን ጀርባ አታይም። በእኛ ከተማ በድሬዳዋ ደግሞ ሙቀቱ ሰፊ ድሪያ ያስለብሳል፤ ድሪያ ሁሉን ይሸፍናል። ስለዚህ እባካችሁ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ልጃችሁን በስስ ልብስ አቁማችሁ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ሁለት መዳፎቿን አገናኝታ ወደ ፊት ጎንበስ እንድትል አድርጉ። ከኋላ ስታዩአት አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ራጅ ያስፈልጋታል። አከርካሪው ወደ ጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን በራሱ ዙሪያም ስለሚጠመዘዝ ነው የጎድን አጥንቱን እንዲያ የሚያነሣው።

«ወጌሻ ያቃናዋል»

ወጌሻ ዘንድ ወስጃታለሁ፤ አልደብቅም። ለስምንት ወር በቅቤ ታሸች። ስትመለስ ደስ ይላት ነበር፤ የደከመ ጡንቻ ሲታሽ ማን ይጠላል? መጣመሙ ግን አልቀነሰም። ሊቀንስም አይችልም፤ እሽት የሚደርሰው ጡንቻ ላይ ነው፣ የተጠማዘዘው ደግሞ አጥንቱ ራሱ ነው።

ከዚህ የባሰ አደጋ እንዳለ የተረዳሁት በኋላ ነው። ጀርባ የሚጎብጠው በስኮሊዮሲስ ብቻ አይደለም። በአገራችን ቲቢ አከርካሪን ይበላል፤ አጥንቱ ይደረመስና ጀርባው ወደ ኋላ ሾጥጦ ይወጣል። ይህን ጀርባ መጫንና ማሸት በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ኅብለ ሰረሰሩን፣ ሊጎዳ ይችላል። የማያቋርጥ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ትኩሳትና ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ካለ ጉዳዩ የቲቢ ምርመራ ነው፤ ሕክምናውም ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ወጌሻው ወለምታ ሲያክሙ የኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አልከሳቸውም። ራጅ ሳላስነሣ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

«ስታድግ ይስተካከላል»

በመጀመሪያ ያየን አንድ የጤና ባለሙያ የነገረን ይህንኑ ነበር። ራጁን አንሥቶ «34 ዲግሪ ነው፤ ስታድግ ይጠፋል» አለ። እኔም መስማት የፈለግሁት ይህን ስለነበር አመንኩት። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጣመም የሚፈጥነው ልጅ በሚመዘዝበት ዕድሜ ነው። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ያለና ገና የሚያድግ ልጅ በብሬስ፣ ማለትም በገላው ልክ በሚሠራ ጠንካራ መደገፊያ ይታገዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 100 ልጆች 72ቱ፣ ካላደረጉት ደግሞ 48ቱ ብቻ የ50 ዲግሪን ድንበር ሳይሻገሩ እድገታቸውን እንደጨረሱ አሳይቷል። በቀን 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያጠለቁትማ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል። የእኔ ልጅ ለዚህ ዕድል በሯ ክፍት የነበረው በዚያ በ34 ዲግሪዋ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ 49 ሆኖ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ 56።

ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲያልፍ ነው ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው። ምክንያቱም ከ50 ያለፈ መጣመም እድገት ከቆመ በኋላም በዓመት አንድ ዲግሪ ያህል እየጨመረ መሄድ ይቀናዋል፤ በጣም ሲገፋ ሳንባን ያጣብባል።

«ሽባ ሆና ትመጣለች»

ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ነው። ልጄን ወደ ቀዶ ክፍል ሲገፏት እግሬ ከድቶኝ ግድግዳ ይዤ ቆሜአለሁ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ በሚደረግ የስኮሊዮሲስ ቀዶ ሕክምና የነርቭ ጉዳት የሚያጋጥመው ከ100 ከአንድ ባነሱት ላይ ነው፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ያገግማሉ። በቀዶው ጊዜ ሁሉ ከአንጎል ወደ እግር የሚሄደውን የነርቭ መልእክት የሚከታተል መሣሪያ አለ፤ መልእክቱ ከደከመ ቡድኑ ወዲያው ያውቃል። መሣሪያው በሌለበት ጊዜ ፈረንሳዊው ሐኪም ስታኛራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳወቁት ዘዴ ነበር፦ ታማሚውን በቀዶው መካከል ከሰመመን ከፊል አንቅቶ «እግርህን አንቀሳቅስ» ማለት። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። እናንተም ቀዶ ሐኪሙን «ነርቩን በምን ትከታተላላችሁ? እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ስንት ሠርታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ስለ ኢንፌክሽንና ስለ ደም መፍሰስም ጠይቁ፤ እነዚህም እውነተኛ አደጋዎች ናቸው።

«ይህ ሕክምና ለፈረንጅ ልጅ እንጂ ለእኛ አይሆንም» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የአከርካሪ ታማሚዎችን የተከታተሉት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ፣ ጀርባቸው እጅግ የተጎዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጋና ልከዋል፤ በዶክተር ኦሄነባ ቦአቺ-አጄ ወደተመሠረተው የአክራው ፎከስ ሆስፒታል። እነዚያ የእኛው ልጆች ናቸው።

«ብረቱ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አለቀ»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚስተው ይህን ነውና። በቀዶው ጊዜ አከርካሪው ላይ የሚታሰሩት የብረት ብሎኖችና ዘንጎች አከርካሪውን የተቃናበት ቦታ ላይ ይዘው ያቆዩታል፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ለዘለቄታው የሚያጸናው ግን በመካከል የተነሰነሰው የአጥንት ፍርፋሪ ከአከርካሪዎቹ ጋር ተዋህዶ አንድ አጥንት ሲሆን ነው፤ ይህም ከ6 ወር እስከ 12 ወር ይፈጃል። ታሪኩም እንዲሁ ይናገራል። ኒውዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስ አከርካሪን ማዋሃዱን ሲያስተዋውቅ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1911 ነበር፤ ያውም በመጀመሪያ ለቲቢ ታማሚዎች፣ ያለ ምንም ብረት። ዘንጉን የጨመረው የሂውስተኑ ፖል ሃሪንግተን ነው፤ ሥራውን ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ1962። አጥንቱ ሳይዋሃድ ከቀረ ብረቱ በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ይሰበራልም። ቀዶ ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ሠራ፤ የቀረውን አንድ ዓመት የሠራችው ልጄ ናት፣ ምግቡና ቤቱ ናቸው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከወራት በፊት ይጀምራል። ኒኮቲን የአጥንትን ውህደት ያውካል፤ ሲጋራም ሺሻም። ልጄ አታጨስም፤ ጠያቂዎቻችን ግን ያጨሳሉ። በእኛ ከተማ ታማሚ ሲጠየቅ ወለል ላይ በተነጠፈው መቀመጫ፣ በመጅሊሱ ላይ፣ ጫት ይዘረጋል፣ ሲጋራ ይለኮሳል። «ጭሱ ውጭ» ማለት በድሬ ባህል ከባድ ነበር፤ ቢሆንም አልኩት። የሚቅም ወጣት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ሳይደብቅ ይንገር፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ለሚጠገን አጥንት የሚያስፈልገው ደግሞ እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት፣ ሥጋና እንቅልፍ ነው። የታመመ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ የደም ማነስ ካለ ይስተካከል፤ ደም የሚለግሱ ዘመዶችን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ። ለሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚያ ሳምንት ጥቁር ሂና በጣት ላይ አይደረግ፤ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ሊያሳስት ይችላል።

«እንዳትነሣ፤ ትተኛ»

የጎረቤቶቼ ፍቅር ልጄን አልጋ ላይ ሊያስቀራት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በሁለተኛው ቀን አቁመዋታል፤ በስድስተኛው ቀን በእግሯ ሄዳ ወጣች። መራመድ ሳንባን ይከፍታል፣ ደም በእግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል፣ አንጀትንም ያንቀሳቅሳል። የኋለኛውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፣ ልጄም ከቁስሉ ይልቅ በዚህ ያለቀሰችበት ቀን ነበር። ውኃ፣ ፓፓያና ሐኪሙ ያዘዘው ማለስለሻ ረዷት።

የተከለከለችው ሦስት ነገር ነው፦ ወገብን ማጉበጥ፣ መጠምዘዝ፣ ሸክም። ከአልጋ ስትነሣ ትከሻዋና ዳሌዋ አብረው እንደ ግንድ ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ከዚያ እግሯን አውርዳ በክንዷ ተደግፋ ትነሣለች። ቤታችን ለዚህ አልተሠራም ነበር። መጅሊሱ ወለል ላይ ነው፣ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ከፍ ያለ ወንበር አመጣን፤ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን ቀዶ ሽንት ቤት ላይ ያስቀመጠልን ጎረቤታችን አናጢው ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉ ቤተሰቦችም ለነደባው፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ ብሎ ለተሠራው መቀመጫ፣ እና ለቁልቁለቱ ጠባብ መንገድ ቀድመው ያስቡ። ባጃጅ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅር፤ የግድ ከሆነ ቀስ ብሎ የሚነዳ ይፈለግ። በሰኔ ሙቀት ላቡ ቁስሉን እንዳያረጥብ በየጊዜው ስስ የጥጥ ልብስ እየቀየርን፣ ማራገቢያ እያበራን ከረምን።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ የባት እብጠት ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ትምህርት ቤት በመስከረም ተመለሰች። አንዱ የመጽሐፍ ስብስብ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ቤት ተቀመጠ፤ ቦርሳ አልተሸከመችም።

«ከእንግዲህ አትጎነብስም፣ አትወልድም፣ ብረቱም መውጣት አለበት»

ሦስቱም ስሕተት ናቸው። የተዋሃደው ክፍል አይታጠፍም፤ ጉልበትና ዳሌ ግን ይታጠፋሉ፣ ሰው አብዛኛውን የሚጎነብሰውም ከዳሌው ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉም፤ ውህደቱ እስከ ታችኛው ወገብ ከወረደ በወሊድ ጊዜ ከጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሊከብድ ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር ብቻ ነው። ብረቱም ችግር ካላመጣ በቀር ለዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ልጄ ከቀዶው ስትነሣ 4 ሳንቲ ሜትር ረዝማ ነበር፤ ያ ልብስ ሰፊ እንደገና ለካት።

«የስግደቱና የስለቱ ነገርስ?»

የሙስሊም ጎረቤቴ ልጅ ከእኛ በኋላ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ እናትየው ሱጁድ፣ ማለትም ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ፣ መተው ኃጢአት እንዳይሆን ተጨነቀች። ኢማሙ የታመመ ሰው በወንበር ተቀምጦ ይሰግዳል ብለው አረጋጓት። እኔ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፦ ልጄ ድና ድንጋይ ተሸክማ አቀበቱን እንድትወጣ። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ስድስት ወሯ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ቀዶ ሐኪሟን ብጠይቅ «ትራመድ፤ ሸክም ግን አሁን አይሆንም» አሉኝ። የንስሐ አባታችንን ብጠይቅ «የተሳልሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ድንጋዩን እኔ ተሸከምኩ። እርሷ የስለቱን ጃንጥላ ይዛ ከፊቴ ወጣች፤ እስከ ላይ ድረስም የቀሚሷ ጥለት በሁለቱም ወገን እኩል ነበር።