አገልግሎት ተኮር የሶፍትዌር ንድፍ ምንድን ነው? ጅብራ የት ሊበቅል እንደሚችል ከመገመት ጋር

ቆሞ የቀረን ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» እንላለን። ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ስሜን ተራሮች የወጣ ሰው አባባሉ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያየዋል። አስታ ከሚባለው ዛፍ መብቀያ በላይ ባለው ብርዳማ ሜዳ ላይ ጅብራ ቅርንጫፍ ሳያወጣ ለዓመታት ቆሞ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ተክሉ ካለበት አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሰው የሚስማማው አየር ነው። ምድር ስትሞቅ ያ አየር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ያበቃል። ታዲያ ጅብራ ነገ የት ሊኖር ይችላል?

ይህን ለመገመት ተመራማሪዎች ሁለት ነገር ያገናኛሉ፤ ተክሉ የታየባቸውን ቦታዎችና የየቦታውን የአየር ንብረት። ኮምፒውተሩ ተክሉ ምን ዓይነት ሙቀትና ዝናብ እንደሚስማማው ከእነዚህ ይማራል (ይህ የተማረው «ሞዴል» ይባላል)፤ ከዚያም ያንኑ ዓይነት አየር ሰው ባልረገጠው ተራራ ወይም በመጪው ዘመን ካርታ ላይ ይፈልጋል።

ችግሩ ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በየቦታው የተበተነ መሆኑ ነው። ተክሎች የታዩበት ቦታ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2001 በተቋቋመው ጂቢአይኤፍ በተባለ ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ቋት አለ። የአየር ንብረቱ ወርልድክሊም በተባለ የዓለም የአየር ንብረት መረጃ ስብስብ ውስጥ በ19 የካርታ ንብርብሮች ይገኛል። ስሌቱን የሚሠራው ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ ማክስኤንት። ይህን ሁሉ አውርዶ፣ ቅርጹን አስተካክሎ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ማስኬድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የባዮሎጂ ተማሪ ከተክሉ ይልቅ ከፋይል ጋር ሲታገል እንዲውል ያደርገዋል።

አገልግሎት ተኮር ንድፍ ሁሉን ልሥራ የሚለውን አንድ ትልቅ ፕሮግራም ይበትነውና እያንዳንዱን ሥራ ራሱን የቻለ፣ በኢንተርኔት የሚጠራ አገልግሎት ያደርገዋል። አንዱ መዝገብ ያቀርባል፤ ሌላው የአየር ንብረት፤ ሦስተኛው ሞዴል ይሠራል፤ አራተኛው ካርታ ይስላል። የሚያስተሳስራቸው ውል ነው፦ «በዚህ መልክ ከጠየቅኸኝ በዚህ መልክ እመልስልሃለሁ።» ውስጡ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ወይም በየትኛው አገር ኮምፒውተር እንደሚሠራ ጠያቂውን አይመለከተውም። ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሄደ ሰው ወፍጮው በናፍጣ ይዙር በመብራት ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ዱቄቱን ነው።

የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ ከዚህም ይርቃል። እህሉን ሰጥቶ፣ ገበያ ደርሶ መመለስ ይቻላል። በብራዚል የተሠራው ኦፕንሞዴለር የተባለ ሶፍትዌር በአገልግሎት መልክ ሲቀርብ አሠራሩ ልክ እንዲህ ነው። ሞዴል እንዲሠራ ሲጠየቅ ውጤቱን ወዲያው አይሰጥም፤ የቲኬት ቁጥር ይሰጣል። ተማሪው ቁጥሩን ይዞ ሥራው የት እንደደረሰ እየጠየቀ ይቆያል፤ ሲያልቅ ውጤቱን ይወስዳል። ለእኔ የዚህ ንድፍ ትልቁ ውለታ ይህ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋ፣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ስሌቱ በሩቁ ሰርቨር ላይ ይቀጥላል። አቅም ያለው ኮምፒውተር የሌለው ሰው ከጥያቄው አይከለከልም።

ሌላም አለ። ውሉ እስካልተለወጠ ድረስ ስልተ ቀመሩን፣ ማለትም የስሌቱን ዘዴ፣ መለወጥ ይቻላል። ያንኑ መዝገብና ያንኑ የአየር ንብረት ይዞ መጀመሪያ ባዮክሊም በተባለ ሌላ ዘዴ፣ ቀጥሎ በማክስኤንት ማስላትና ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የተለያዩበት ቦታ ተማሪው በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚገባው ቦታ ነው።

ንድፉ የመረጃን ጉድለት ግን አይሞላም። ተክል መዝጋቢዎች መንገድ ይከተላሉ፤ ሞዴሉም የመኪና መንገዱን የጅብራ ምርጫ አድርጎ ሊማረው ይችላል። ስሜን ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። የወርልድክሊም ደቃቁ ካርታ አንድ ካሬ በግምት አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ነው። ገደሉ ባለበት በዚያ ካሬ ውስጥ መሬቱ 500 ሜትር ቢወርድ የሙቀት ልዩነቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ካርታው ግን ለአፋፉም ለሥሩም አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ከዚህ የደቀቀ የአየር ንብረት ካርታ በዚያው ውል የሚያቀርብ ሌላ አገልግሎት ሲገኝ የሚለወጠው የሚጠራው አድራሻ ብቻ ነው፤ መዝገቡ፣ ስልተ ቀመሩና ካርታውን የሚስለው አገልግሎት እንደነበሩ ይቀጥላሉ።