አገር ስጠኝ በጂፒኤስ፦ በኦሪገን ታሪክ ላይ የተመሠረተ የጂኦካቺንግ እንቆቅልሽ

ጂኦካቺንግ በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቀ ዕቃ የመፈለግ ጨዋታ ነው። አንዱ ተጫዋች ውሃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትንሽ የፊርማ ደብተር ይከትና የሆነ ቦታ ይደብቃል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ካገኘ ደብተሩ ላይ ይፈርማል፤ ዕቃውንም እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል። ዕቃው “ካሽ” ይባላል፤ ከብር ጋር ግን አይገናኝም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካሽ ተደብቆ ይገኛል።

ከካሾቹ ውስጥ በካርታው ላይ በሰማያዊ የጥያቄ ምልክት የሚታዩት ለየት ይላሉ። ምልክቱ ወዳለበት ቦታ ብትሄዱ ምንም የለም። ሐይቅ መሃል ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እውነተኛው ቦታ የሚታወቀው እንቆቅልሹ ሲፈታ ብቻ ነው፤ በደንቡም ከምልክቱ ከ3.2 ኪሎ ሜትር በላይ አይርቅም። በእኛ እንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ሰው “አገር ስጠኝ” ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቦታ የሚያገኘው መልሱን ያወቀው ነው።

በአሜሪካ ከሚዘወተሩት የእንቆቅልሽ ርዕሶች አንዱ የግዛት ታሪክ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ልጆች አራተኛ ክፍል አካባቢ የሚኖሩበትን ግዛት ታሪክ፣ ወፉን፣ አበባውንና ባንዲራውን ይማራሉ። እዚያ ልጅ ያሳደገ አበሻ የቤት ሥራው ላይ ሳያየው አይቀርም። ለዚህ ዳሰሳ በምዕራብ አሜሪካ ዳርቻ ያለችውን ኦሪገንን የመረጥኩት ጨዋታው ራሱ የተወለደው እዚያ ስለሆነ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ ጦር የሲቪሎችን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማዛባት ሜይ 2 ቀን ቆመ፤ መሣሪያዎቹም በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ያህል ተሻሻሉ። በማግስቱ፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ከኦሪገን ትልቋ ከተማ ከፖርትላንድ ደቡብ ምሥራቅ በቢቨርክሪክ አቅራቢያ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ ደበቀ። ውስጡ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ተገኘ። በሴፕቴምበር ጂኦካቺንግ ዶት ኮም 75 ካሾችን ይዞ ሥራ ጀመረ። የሚገርመው፣ ያ ባልዲ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ዛሬ ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቅበር ክልክል ስለሆነ የጨዋታው የመጀመሪያ ካሽ ምናልባት በጨዋታው ደንብ ያልፍ አልነበረም ማለት ነው።

እንቆቅልሹ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ እዚሁ እንፍታ። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነው፤ አሠራሩ ግን የተለመደው ነው። ቦታው “ሰሜን 45 ዲግሪ ከሀለ.ሐመሠ ደቂቃ” ተብሎ ይሰጣል (ደቂቃ እዚህ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው)፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ አሃዝ ነው። ሀ፦ በግዛቱ ባንዲራ ላይ ቢቨር (ወንዝ የሚገድብ እንስሳ) የሚታየው በስንት ገጽ ነው? የኦሪገን ባንዲራ ፊትና ጀርባው ይለያያል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ባንዲራ ያላት ሌላ ግዛት የለችም። ቢቨሩ ጀርባው ላይ ብቻ ስለሆነ መልሱ 1 ነው። ለ፦ የባህር ዳርቻው አሸዋ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያደረገው ሕግ የወጣበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ። ዓመቱ 1967 ነው፤ 7። ሐ፦ ኦሪገን ሲቲ በሕግ ከተማ የተባለችበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ። 1844፤ 4። መ፦ የካውንቲዎቹ (ግዛቱ የተከፈለባቸው አውራጃዎች) ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ። 36 ናቸው፤ 6።

ሠ ትንሽ ትከብዳለች። በ1843 በዊላሜት ወንዝ ዳር ሻምፑኢ በሚባል ቦታ ሰፋሪዎች ተሰብስበው ጊዜያዊ መንግሥት እናቋቁም አናቋቁም ብለው ድምፅ ሰጡ። በተለምዶ የሚነገረው ውጤት 52 ለ50 ነው። የተቃወሙት ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ 0።

ሲገጣጠም 45 ዲግሪ ከ17.460 ደቂቃ ይመጣል። ይህ የአልመር ባልዲ የነበረበት ኬክሮስ ነው። ኬንትሮሱም፣ ምዕራብ 122 ዲግሪ ከ24.800 ደቂቃ፣ በዚሁ ዘዴ ሊወጣ ይችላል። ከ2003 ጀምሮ ቦታው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ።

አንድ አሃዝ መሳት ምን ያደርጋል? ከየትኛው እንደሳታችሁ ይወሰናል። በኬክሮስ የመጨረሻው አሃዝ በአንድ ቢዛነፍ ከሁለት ሜትር ያነሰ ስለሆነ ችግር የለውም። ከሱ በፊት ያለው ግን 18 ሜትር ተኩል፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ደግሞ 185 ሜትር ያርቃችኋል። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጅ አወዛጋቢ ቁጥር አይጠይቅም። የማውንት ሁድ ተራራ ከፍታ አንዱ ምንጭ ላይ 11,239 ጫማ፣ ሌላው ላይ 11,249 ጫማ ነው። በዚህ የተሠራ እንቆቅልሽ ፈላጊውን የሰው ግቢ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ለዚህም ብዙዎቹ የመልስ ማረጋገጫ ገጽ አላቸው፤ ያገኛችሁትን ቁጥር አስገብታችሁ ልክ መሆኑን ታያላችሁ። እሱ ከሌለ እኔ ከቤት አልወጣም።

በእኔ እይታ የዚህ ጨዋታ ደካማ ጎኑ ጥያቄው ጉግል ላይ በአሥር ሰከንድ ማለቁ ነው። ኦሪገን ስንተኛዋ ግዛት ናት? 33ኛ፣ በ1859። ይህን ለማወቅ ጫማ ማሰር አያስፈልግም። ጎበዝ አዘጋጅ ወይ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ሰሌዳ እንድታነቡ ያስገድዳል፣ ወይ ታሪክ ያለው ጥያቄ ይመርጣል። ለምሳሌ የፖርትላንድ ስም በሳንቲም ዕጣ ነው የወጣው። በ1845 አንዱ መሥራች ከተማዋን ቦስተን፣ ሌላው በሜይን ግዛት ባለችው ከተማ ስም ፖርትላንድ ሊላት ፈለገ። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያሸነፈው የሜይኑ ሰው ሆነ። ሳንቲሙ ዛሬም በኦሪገን ታሪክ ማኅበር ዘንድ አለ። በግዛቱ ዋና ከተማ ሳሌም ያለው የምክር ቤት ሕንፃ በ1855 እና በ1935 መቃጠሉም ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

የጥያቄዎቹ ምርጫም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቢቨርና ሳንቲም ደስ ይላሉ። ግን ኦሪገን ወደ አሜሪካ ኅብረት ስትገባ ጥቁሮች በግዛቱ እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ ነበር። ከሕገ መንግሥቱ የወጣው በ1926 ነው። ይህም የግዛት ታሪክ ነው፤ ዓመቱም እንደ ማንኛውም ዓመት አራት አሃዝ አለው። የኛም ሰው ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ለትምህርት የመጣው ሙሉጌታ ሥራው በኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ ውስጥ በነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ተገደለ። በ1990 በፍትሐ ብሔር ችሎት ገዳዮቹን ያነሳሳው ቡድንና መሪው ተጠያቂ ተደርገው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደባቸው። በ2018፣ በ30ኛ ዓመቱ፣ በተገደለበት ሰፈር የመንገድ ስሞች ላይ የመታሰቢያ ምልክቶች ተሰቀሉ። ይህን ለመዝናኛ ማድረግ ይቀፋል የሚል ይኖራል። ነገሩ የአቀራረብ ነው፤ ሳጥን ሳይደብቁ ምልክቱን ብቻ እንዲያነቡ የሚያደርግ ጥያቄ ማዘጋጀት ይቻላል።

ወደ መስኩ ስንመጣ፣ ካሽ ጥይት ከሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ጀምሮ ከጣት ጫፍ እስከሚያንስ ማግኔት ያለው ብልቃጥ ድረስ ይሆናል። በሁለት ካሾች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ያለ ፓርኩ ፈቃድ ዕቃ መደበቅ አይቻልም። ፖሊስ ቦምብ መስሎት ሰፈር የዘጋበት ጊዜም ስላለ ሳጥኑ ላይ ምንነቱን መጻፍ ይመከራል። አዲስ ካሽ ሲወጣ መጀመሪያ ለመፈረም ሌሊት ባትሪ ይዘው የሚወጡ አሉ።

እያንዳንዱ ካሽ ከ1 እስከ 5 ሁለት ደረጃ ይሰጠዋል፤ አንዱ ለእንቆቅልሹና ለፍለጋው ክብደት፣ ሌላው ለመንገዱ። የመንገድ 1 በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት ነው፤ 5 ጀልባ ወይም የተራራ መውጫ ገመድ ሊፈልግ ይችላል። ጀማሪ ከሆናችሁ በሁለቱም ከ2 በማይበልጥ ጀምሩ። እስክሪብቶም ያዙ፤ ትንንሾቹ ውስጥ አይገባም።