አክሰስ ኩዌሪያችሁን ሲያግድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እህል መጋዘን መዝገብ የሚይዝ ልጅ ደወለልኝ። የመረጃ መዝገብ በሚያዝበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ በአክሰስ፣ የበርበሬ ዋጋ የሚያድስለት ኩዌሪ (መረጃ የሚያወጣ ወይም የሚለውጥ ትእዛዝ) እምቢ ብሎት ሦስት ጊዜ አፍርሶ ጽፎታል። «አብሽር» አልኩትና ከደሴ ወረድኩ። ኩዌሪውን ሲያስኬደው በመስኮቱ ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ድርጊቱ በ«ዲስኤብልድ ሞድ» ታግዷል የሚል መስመር ይወጣል። አንብቦት አያውቅም።

«ኩዌሪው ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ከአክሰስ 2007 ጀምሮ ፕሮግራሙ የማያምነውን ፋይል የሚከፍተው እጁን አስሮ ነው፤ «ዲስኤብልድ ሞድ» ማለት ይኸው ነው። መረጃ የሚያሳየው ሴሌክት ኩዌሪ ይሠራል፤ መረጃ የሚለውጡት አፕዴት (የሚያድሰው)፣ አፔንድ (የሚጨምረው) እና ዲሊት (የሚሰርዘው) ግን ይታገዳሉ፤ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ የቪቢኤ ፕሮግራም ኮድም እንዲሁ። ሴሌክቱ እየሠራ አፕዴቱ ብቻ ዝም ካለ፣ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ግርጌውን እዩ።

«ቢጫውን ማስጠንቀቂያ ከዘጋሁት አለቀ»

ፋይሉ ሲከፈት ከላይ የሚወጣውን ቢጫ መስመር ልጁ በየጠዋቱ በኤክስ ይዘጋው ነበር። «ኢኔብል ኮንተንት» የሚለው መፍቀጃ ያለው እዚያው ላይ ነው። ከተዘጋም «ፋይል» ብላችሁ «ኢንፎ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወራችሁት ግን እንደገና ይጠይቃል።

«ማክሮውን ሁሉ ክፈተው፣ ትገላገላለህ»

ማክሮ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ፣ ሥራን በራሱ የሚያስኬድ ትእዛዝ ነው፤ ምክሩም የማክሮን እገዳ በሙሉ አንሳ ማለት ነው። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ምክር ነው፤ ደግሞም ቶሎ የሚሰጠው እሱ ነው። አዎ፣ እገዳው ይነሳል። ግን የሚነሳው ለመጋዘኑ መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ከማያውቁት ሰው ፍላሽ ላይ ለሚከፍቱት የአክሰስ ፋይል ሁሉ ነው። ለአንድ እንግዳ ብሎ የግቢውን አጥር ማፍረስ ነው።

እኔ ለልጁ ያደረግኩለት ሌላ ነው። ለመዝገቡ ብቻ የሚሆን ፎልደር ከፈትን፤ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ «ትረስት ሴንተር»፣ «ትረስትድ ሎኬሽንስ» ገብተን ያንን ፎልደር ጨመርን። ዳውንሎድስን ወይም ዴስክቶፕን በሙሉ እንዳትጨምሩ፤ እዚያ የማይወድቅ ነገር የለም። ፎልደሩ በኔትወርክ ላይ ካለ ለብቻው የሚፈቀድበት ምልክት አለ፤ ሲመጣ ዝግ ሆኖ ነው።

«አንቲቫይረሱ ነው»

ይህ እገዳ የራሱ የአክሰስ ነው። አንቲቫይረሱን ማጥፋት ለሌላ አደጋ ያጋልጣል እንጂ አይፈታውም።

«ቢጫ ቢሆን ቀይ ያው ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ በቀጥታ ያግዳል፤ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ላይ መፍቀጃ ቁልፍ የለም። የላከውን ሰው በስልክ ጠይቁ። እውነትም የሱ ከሆነ፣ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ።

«ከተፈቀደ በኋላ ዝም ብሎ ማስኬድ ነው»

ቀስ በሉ። ያስኬዳችሁት አፕዴት በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም፤ አፔንድ ሁለቴ ከተነካ ደግሞ ያው መረጃ ሁለቴ ሊገባ ይችላል። እኛ አስቀድመን ፋይሉን ኮፒ አደረግን፣ ያንኑ መስፈርት በሴሌክት አስኬድን፣ የመጡትን ረድፎች ቆጠርን። አክሰስ ይህን ያህል ረድፍ ልቀይር ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጁ ቁጥሩን ከቆጠረው ጋር አስተያይቶ ነው «የስ» ያለው።