የጎርፍ ፍሳሽ ምንድን ነው? ዲች ውስጥ የገባውስ የት ይደርሳል?

ሲዘንብ መሬት ያልጠጣው ውሃ በጣራ በአስፋልት በኮብልስቶን አድርጎ ዲች ውስጥ ይገባል፣ የጎርፍ ፍሳሽ ሚባለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ዲች የገባ ነገር የሆነ ቦታ ሄዶ የሚጣራ ይመስለዋል፣ አይጣራም። ቃሊቲ ማጣሪያ የሚሄደው የሽንት ቤት መስመር ነው (እሱም ቤታችሁ መስመር ከገባለት)፣ የዲቹ ግን ቀጥታ ወንዝ ነው። እኛ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ በኩል ያለነው ትልቁ አቃቂን እናገኛለን፣ ከዛ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዛ አዋሽ።

ውሃው ብቻውን ቢሄድ ባልከፋ። የሰኔ መግቢያ ዝናብ ግን በጋውን ሙሉ መንገድ ላይ የተጠራቀመውን የተቃጠለ ዘይት፣ የጎማ ብናኝ፣ እበት፣ ፌስታል ምናምን ባንዴ ጠርጎ ነው የሚወርደው፣ ለዛ ነው የመጀመሪያው ጎርፍ ከሁሉም የሚቆሽሸው። ቤት የሚሰራ ሰው ደግሞ አንድ ሲኖ አሸዋ በር ላይ አስገልብጦ ሸራ እንኳን ሳያለብሰው ያድራል፣ ጠዋት ግማሹ ዲች ውስጥ ነው፣ ዲቹ ተደፍኖ ውሃው ጎረቤት ሳሎን ገብቷል (ከዛ ጭቅጭቅ)። ዘይቱ ደግሞ ወርዶ አቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው ውሃ ላይ ይገባል፣ ጎመኑን ማን እንደሚበላው ታውቃላችሁ 😅

ሰፈሩ ጤፍና ሽምብራ በሚዘራበት ጊዜ ዋልካው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ ስለሚቆይ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዝናብ ይውጠው ነበር። አሁን ሁሉም ጣራና ሊሾ ሆነ። 100 ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ነው፣ 10 በርሜል ማለት፣ ከአንድ ቤት ባንድ ከሰዓት፣ ኮንዶሚኒየሙን እናንተ አስሉት።

ስለዚህ ዋናው ነገር ውሃውን ማዘግየት ነው። አሸንዳውን ሮቶ ላይ ልቀቁት፣ ለልብስና ለአትክልት ይሆናል ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር ደግሞ ራሱ ጥቅም ነው። ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አታልብሱት፣ ወደ በሩ የሚወርድበት ጋ ሳር ይኑር፣ ደለሉን ሳሩ ይይዘዋል። የመኪና ዘይት የሚቀይር በጀሪካን ያጠራቅም፣ ላቫጆ ያለው ዘይትና ጭቃ የሚያስቀር ጉድጓድ ያሰራ።

ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩት ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ሞልቶ ውሃ ማስረግ የሚባለው ግን ቀይ አፈር ላይ ላላችሁ ነው። ዋልካ አንዴ ከራሰ አብጦ ይዘጋል፣ ውሃው እዛው ይቆማል፣ ቤት አጠገብ ከሆነ ደግሞ መሰረቱን እያነሳ እያወረደ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ እኛ ጋ ሮቶውና ሳሩ ይበቃል።